በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ዓመት፦ ፖላንድና የወረራ ዘመን ትዝታዋ

በ1976 በምዕራብ ለንደን በሚገኘው የገነርስበሪ መካነ መቃብር አንድ ጥቁር የድንጋይ ሐውልት ቆመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያቆሙት በስደት የሚኖሩ ፖላንዳውያን ናቸው። ከተቀረጸው ጽሑፍ ዋናው ካቲን የሚለው የቦታ ስምና 1940 የሚለው ዓመት ነው። ሶቪየት ኅብረት ሐውልቱን አጥብቃ ተቃወመች፤ የብሪታንያ መንግሥትም በምረቃው ላይ በይፋ ሳይወከል ቀረ። የጠቡ ሁሉ መነሻ ዓመቱ ነበር። በካቲን ጫካ የተቀበሩት የፖላንድ መኮንኖች የተገደሉት በ1940 ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስሞሌንስክና አካባቢዋ በሶቪየት እጅ ስለነበሩ ገዳዩ ኤንካቬዴ የተባለው የስታሊን የምስጢር ፖሊስ ነው። የተገደሉት በ1941 መገባደጃ ከሆነ ግን ቦታውን የያዙት ጀርመኖች ስለነበሩ ደሙ የሂትለር ይሆናል። ሞስኮ ሁለተኛውን ስትል ኖረች፤ የዋርሶው ኮሚኒስታዊ መንግሥትም ያንኑ ሲደግም ኖረ። በ1981 በዋርሶ የፖቮንዝኪ መካነ መቃብር ውስጥ ሰዎች 1940 የሚል ዓመት ያለበት መስቀል ቢያቆሙ የጸጥታ ሠራተኞች በዚያው ሌሊት ነቅለው ወሰዱት። ከአራት ዓመት በኋላ መንግሥት እዚያው የራሱን ሐውልት አቆመ፤ በእሱ ጽሑፍ የካቲን ሟቾች የሂትለር ፋሺዝም ሰለባዎች ነበሩ።

ስለ ፖላንድ የጦርነት ዘመን ትዝታ በውጭ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን ፖላንዳውያን ስለደረሰባቸው በደል ሲናገሩ የማይደክሙ፣ በእጃቸው ስላለፈው ግን መስማት የማይወዱ ሕዝብ አድርጎ ያያቸዋል። ሌላው ወገን፣ በተለይም የራሳቸው ፖለቲከኞች፣ ዓለም የእኛን መከራ አያውቅም፣ ይባስ ብሎም የጀርመንን ኃጢአት በእኛ ላይ ሊጭን ይፈልጋል ይላል። ሁለቱም ወገኖች ትዝታው መልኩን ያገኘው በወረራው ስድስት ዓመታት ነው ብለው ይነሣሉ። እኔ ግን የዛሬውን ጠብ ይበልጥ የሚያስረዱት ከወረራው በኋላ የመጡት አርባ አምስት ዓመታት ናቸው ባይ ነኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለው አባባላችን ለዚህ ጉዳይ ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስደናል። የተወጋው ሰው ማን እንደወጋው እንዳይናገር አፉ ተይዞ ሁለት ትውልድ ቢኖር ትዝታው ምን መልክ ይይዛል? የፖላንድ ነገር ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። በምስጢር የተያዘ ትዝታ እንደ ጥብቅና ይሠራል፤ እያንዳንዱን ጥያቄ የተቃራኒ ወገን ክስ አድርጎ ይሰማል። ይህ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን በፖላንድ ውሸትን ያሸነፈው ሁልጊዜ ማስረጃ ነው እንጂ በሕግ የታጠረ ታሪክ አይደለም፤ የዋርሶ መንግሥታት ትዝታውን በሕግና በሹመት ለመጠበቅ በሞከሩ ቁጥር የገዛ ሀገራቸውን ትልቁን ትምህርት ገፍተዋል።

መጀመሪያ ግን የሆነውን ማየት ይገባል። ፖላንድ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተወረረች፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀርመን ከምዕራብ ገባች፣ ሴፕቴምበር 17 ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ ተከተለች። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ቀድሞ ኦገስት 23 ሞስኮ ላይ በተፈረመው የሞሎቶቭና የሪበንትሮፕ ውል ምስጢራዊ አባሪ ውስጥ ተሰምሮ ነበር። ጀርመኖች የወሰዱትን ግማሽ ሀገር ከፊሉን ከራይሁ ጋር ቀላቀሉት፤ የቀረውን ደግሞ ሐንስ ፍራንክ በክራኮው በቀድሞዎቹ ነገሥታት ግንብ ተቀምጦ እንዲገዛው አደረጉ። የአገዛዙ ዓላማ ምን እንደነበር የሚያሳይ አንድ ቀን አለ። ኖቬምበር 6 ቀን 1939 የክራኮው ያጌሎኒያን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጀርመን ስለ ሳይንስና ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ያላትን አቋም የሚያስረዳ ንግግር እንዲሰሙ ተጠርተው በአንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ። የተጠሩት ለወጥመድ ነበር፤ ከ180 በላይ ሰዎች እዚያው ተይዘው ብዙዎቹ ወደ ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ። በዕድሜ የገፉት ከአሥር የሚበልጡ ፕሮፌሰሮች በብርዱና በእንግልቱ ሞቱ። በዓመቱ በሜይ ወር የኤስኤስ አዛዡ ሂምለር ያዘጋጀው ማስታወሻ ደግሞ በምሥራቅ ለሚኖሩ ጀርመናዊ ያልሆኑ ልጆች ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት እንደማያስፈልግ ይገልጻል፤ እስከ 500 መቁጠርና ስማቸውን መጻፍ ይበቃቸዋል፣ ማንበብ እንኳ የግድ አይደለም ይላል። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያለው ትምህርት ተዘጋ፤ መምህራንም በየመኖሪያ ቤቱ ተደብቀው ማስተማር ጀመሩ። ሚሊዮኖች ልብሳቸው ላይ ፖላንዳዊነታቸውን የሚያሳይ ፊደል እየለጠፉ በጀርመን እርሻና ፋብሪካ በግዳጅ ሠሩ። ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ በዛሞሽች አካባቢ ለጀርመን ሰፋሪዎች ቦታ ለማስለቀቅ ከ100,000 በላይ ሰው ከቀዬው ሲነቀል 30,000 ያህሉ ሕፃናት ነበሩ።

በምሥራቁ ግማሽ የነበረው መከራ ሌላ ስም ነበረው፤ ዒላማው ግን በሚያስደንቅ ሁኔታ ይመሳሰላል። ሶቪየቶች መኮንኑን፣ ዳኛውን፣ ፖሊሱን፣ የመሬት ባለቤቱንና የደን ጠባቂውን ሳይቀር ከነቤተሰቡ እየለቀሙ ወደ ሳይቤሪያና ካዛክስታን ጫኑ፤ የሶቪየት ሰነዶች ራሳቸው የሚመዘግቡት የተጋዘ ሰው 320,000 ያህል ነው። ጀርመን በ1941 ሶቪየት ኅብረትን ስትወጋ ከተረፉት ብዙዎቹ ተለቅቀው ከፖላንዳዊው ጄኔራል አንደርስ ጦር ጋር በ1942 ወደ ኢራን ወጡ። ከዚያም 18,000 ያህሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች፣ ወደ እኛው አህጉር መጡ። በታንጋኒካ (በዛሬዋ ታንዛኒያ) በአሩሻ አጠገብ በቴንገሩ 5,000 ያህል ሰዎች የሚኖሩበት የፖላንዳውያን መንደር ነበር፤ መካነ መቃብሩ ዛሬም አለ። ሳይለቀቁ የቀሩት ግን ሌሎች ናቸው። ማርች 5 ቀን 1940 ስታሊንና የፖሊትቢሮ ጓዶቹ በፈረሙበት ወረቀት 22,000 ያህል የፖላንድ ምርኮኞችና እስረኞች በካቲን፣ በካሊኒን፣ በካርኮቭና በሌሎች ቦታዎች ተገደሉ።

ሁለቱ ወረራዎች በአንድ ቤት እንዴት እንደተገናኙ ለማየት የጄኔራል ዶቭቦር ሙሽኒትስኪን ሁለት ሴት ልጆች ማሰብ ይበቃል። ያኒና ሌቫንዶቭስካ አብራሪ ነበረች፤ በሶቪየት ተማርካ በካቲን ከተገደሉት መካከል ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት። ታናሽ እኅቷ አግኒዬሽካ ደግሞ በዚያው ዓመት ጁን ላይ በዋርሶ አቅራቢያ በፓልሚሪ ጫካ በጀርመኖች ተረሸነች፤ የቀድሞው የፓርላማ አፈ ጉባኤ ማቼይ ራታይና የ1932ቱ የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ባለድል ያኑሽ ኩሶቺንስኪም የተገደሉት በዚያው ጫካ በዚያው ሰሞን ነው። የያኒና አስከሬን ታሪክ ደግሞ ለዚህ ሐተታ ከማንኛውም ሰነድ ይበልጣል። በ1943 ጀርመኖች የካቲንን መቃብሮች ሲከፍቱ ምርመራውን የመራው ሐኪም ጥቂት የራስ ቅሎችን ዛሬ ቭሮትስዋፍ ወደምትባለው ከተማ ወሰደ። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ ወደ ፖላንድ ስትጠቃለል የፎረንሲክ ክፍሉን የተረከቡት ፖላንዳዊ ፕሮፌሰር ቅሎቹ የምን ማስረጃ እንደሆኑ ገባቸውና ደበቋቸው፤ ለአሥርት ዓመታትም ዝም አሉ። የያኒና የራስ ቅል በ2005 ተለይቶ ታወቀና በሉሶቮ ተቀበረ። በኮሚኒስቶቹ ዘመን ስለ ካቲን እውነት የሚባለው ነገር በዚህ መልክ ተቀመጠ፦ በሣጥን ውስጥ፣ በአንድ ሰው ጥንቃቄ፣ መንግሥት ሳያውቅ።

ስለ ፖላንድ አይሁድ ሲነገር ደግሞ ልኩ ይለወጣል። ከጦርነቱ በፊት በፖላንድ ከሦስት ሚሊዮን በላይ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኙ አለቁ። በኖቬምበር 1940 የተዘጋው የዋርሶ ጌቶ፣ ማለትም አይሁድ የታጎሩበት ሰፈር፣ ከ400,000 በላይ ሰው ታጭቆበት ነበር፤ በ1942 ክረምት በሁለት ወር ውስጥ ብቻ ሩብ ሚሊዮን የሚሆነው በባቡር ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ተወስዶ በጋዝ ታፈነ። የታሪክ ሊቁ ኢማኑኤል ሪንገልብሉምና ባልደረቦቹ ጌቶው ውስጥ ሆነው የዕለት ማስታወሻ፣ የዳቦ ራሽን ካርድ፣ የትምህርት ቤት ድርሰት፣ የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር ሰበሰቡ፤ የሰበሰቡትን በብረት ሣጥኖችና በወተት ማጓጓዣ ጋኖች አድርገው ቀበሩት። አንዱ ክፍል በ1946፣ ሌላው በ1950 ከፍርስራሽ ሥር ወጣ። እነዚህ ሰዎች ያመኑበትን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የሚጽፉት ለገዳይም ለሟችም ወገን እንዲመች አድርገው አልነበረም። ስለ አይሁድ ፖሊሶች ጭካኔ መዘገቡ፤ ስለሚያስጠጓቸውና ስለሚጠቁሟቸው ፖላንዳውያንም መዘገቡ። ሪንገልብሉም በተደበቀበት ዋርሶ ሆኖ ስለ ፖላንዳውያንና ስለ አይሁድ ግንኙነት ያዘጋጀው ሥራ ለሁለቱም ወገን የሚጎረብጥ ነው። በ1944 ከመሸሸጊያው ተይዞ ተገደለ።

አሁን ወደ 1945 እንምጣ። አዲሱ መንግሥት የጀርመንን ወንጀል አልደበቀም፤ እንዲያውም የኖረው በእሱ ነው። ኦሽዊትዝ በ1947 በሕግ ሙዚየም ሆነ። በዋርሶ ጎዳናዎች ሰው በጅምላ በተረሸነበት ቦታ ሁሉ ቀራፂው ካሮል ትኾሬክ በነደፈው አንድ ዓይነት አሠራር ግራጫ የአሸዋ ድንጋይ ሰሌዳ ተተከለ፤ በላዩ መስቀል፣ ከሥሩ ቀኑና የሟቾቹ ቁጥር አለ። ስም ያለበት ግን ከስንት አንድ ነው። ቁጥር የመንግሥት ሥራ ነበርና። በ1947 ይፋ የሆነው የሀገሪቱ የሰው ኪሳራ ስድስት ሚሊዮን ከ28,000 ነበር፤ ሦስት ሚሊዮኑን አይሁድ በብሔር ሳይለይ በአንድ ድምር ያዘው። ብሔራዊ የመታሰቢያ ተቋም የሚባለውና በምኅፃር ኢፔኤን ተብሎ የሚታወቀው መሥሪያ ቤት በ2009 የገመተው በጀርመን ወረራ 5.5 ሚሊዮን፣ ከሶቪየቱ ጋር ሲደመር እስከ 5.8 ሚሊዮን ነው። በኦሽዊትዝ የነበረው ሰሌዳም እስከ 1990 አራት ሚሊዮን ሰው እንደሞተበት ይናገር ነበር፤ የሙዚየሙ የታሪክ ባለሙያ ፍራንቺሼክ ፒፐር ባቡሮቹን እየቆጠረ የደረሰበት 1.1 ሚሊዮን ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህሉ አይሁድ ናቸው። ቁጥሩ መቀነሱ ወንጀሉን አላቀለለውም፤ የተጋነነው ቁጥር ግን ወንጀሉን የሚክዱትን ሲጠቅም ኖሯል።

ሌላው ግማሽ ትዝታ ተቀበረ። በድብቅ የተዋጋው የሀገር ጦር፣ አርሚያ ክራዮቫ፣ በከፍተኛው ጊዜ ከ350,000 በላይ አባላት ነበሩት፤ ከጦርነቱ በኋላ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገደሉ፣ በጋዜጣ የሂትለር ሎሌዎች ተባሉ። አርበኛን ባንዳ ብሎ መጥራት ምን ያህል እንደሚያቆስል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቪቶልድ ፒሌትስኪ በ1940 ሆን ብሎ በአፈሳ ተይዞ ኦሽዊትዝ ገባ፤ በውስጡ ድብቅ ድርጅት መሠረተ፣ በ1943 አመለጠ፣ ስለ ካምፑ ዘገባ ጻፈ። በሜይ 1948 በዋርሶ ሞኮቶቭ እስር ቤት በራሱ ሀገር መንግሥት በጥይት ተገደለ፤ መቃብሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በ1944 ለ63 ቀናት የዘለቀውና ከ150,000 በላይ ሲቪሎች ያለቁበት የዋርሶ አመፅ በከተማዋ ትልቅ ሐውልት ያገኘው በ1989 ነው። ስለ ካቲን ደግሞ ዝምታው የበረታ ነበር። በማርች 1980 አንድ ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የቀድሞ የሀገር ጦር ወታደር፣ በክራኮው ዋና አደባባይ ራሱን ከውኃ ቧንቧ ጋር በሰንሰለት አስሮ በእሳት አቃጠለ፤ ምክንያቱ የካቲን መደበቅ ነበር። በቤት ውስጥ ሆድ ይፍጀው ተብሎ የተያዘ ነገር የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ዘመን ለመረዳት ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነ አንድ ደራሲ አለ። ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በ1978 መጽሐፍ ያወጣው ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ የተወለደው ያኔ በፖላንድ ሥር በነበረችው በፒንስክ ነው፤ ሰባት ዓመቱ ላይ ቀይ ጦር ከተማውን ሲይዝ አይቷል። መጽሐፉን ኢትዮጵያውያን ያላዩትን ቤተ መንግሥት የፈጠረ ነው ብለው ይተቹታል፤ የፖላንድ አንባቢዎች ግን የራሳቸውን የኮሚኒስት ፓርቲ አሽቃባጮች አዩበት። በግልጽ መናገር ያልተቻለው ነገር በሩቅ ሀገር ስም ተነገረ ማለት ነው፤ ለዚያ ሩቅ ሀገር ሰዎች ይህ የሚያስደስት ባይሆንም። ከሞተ በኋላ በ2010 የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አርቱር ዶሞስዋቭስኪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሣ፦ ካፑሽቺንስኪ አባቱ በሶቪየት ተማርኮ እንዳመለጠ ይናገር የነበረው በእርግጥ ሆኖ ነበር ወይ? ደራሲውን ለማሳጣት አይደለም ይህን ማንሣቴ። አደባባይ ላይ መመርመር ያልቻለ ትዝታ ወደ ትልቁ ሐዘን እየተጠጋ ሊያድግ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

ኮሚኒዝም ሲወድቅ ግድቡ ፈረሰ። የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ በኤፕሪል 1990 የካቲን ገዳዮች ሶቪየቶች መሆናቸውን አመነ፤ የሩሲያው ፕሬዚዳንት የልትሲን በ1992 የማርች 5ቱን ወረቀት ቅጂ ለዋርሶ አስረከበ። ፖላንዳውያን አሁን ለአርባ ዓመት በሹክሹክታ ሲናገሩት የኖሩትን በይፋ መናገር ቻሉ። ከዚያም በ2000 ያን ቶማሽ ግሮስ የተባለው የታሪክ ሊቅ ስለ የድቫብኔ ከተማ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ጁላይ 10 ቀን 1941 የየድቫብኔን አይሁድ ጎተራ ውስጥ አስገብተው ያቃጠሏቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው አለ። በቦታው ቆሞ የነበረው የድሮ ድንጋይ ጌስታፖና የጀርመን ጄንዳርም 1,600 ሰው አቃጠሉ ይላል። ድንጋዩ ሐሰት መሆኑን መንግሥት ራሱ ያውቅ ነበር፤ በ1949 በሎምዣ ፍርድ ቤት የከተማዋ ነዋሪዎች በዚሁ ወንጀል ተፈርዶባቸዋልና። ኢፔኤን ጉዳዩን መረመረ፤ ጀርመኖች አነሣሥተዋል፣ እጃቸውን በቀጥታ ያስገቡት ግን የአካባቢው ፖላንዳውያን ናቸው፣ የሟቾቹም ቁጥር ከ340 አያንስም ሲል ደመደመ። ግሮስ 1,600 የሚለውን ቁጥር በመቀበሉ ተሳስቶ ነበር፤ በዋናው ነገር አልተሳሳተም። ፕሬዚዳንት ክቫሽኔቭስኪ በ2001 እዚያው ከተማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። አዲሱ ሐውልት ላይ ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ አልተጻፈም። ይህ ጉድለት ቢኖርበትም፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በራሱ ሕዝብ ላይ የማይጥም ውጤት መርምሮ ያወጣበት ያ ጊዜ ከነፃነት ወዲህ ፖላንድ ካሳለፈቻቸው የተከበሩ ቀናት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ከፖላንድ ወገን የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ወረራውን ያመጣው፣ ጌቶውን የከለለው፣ የሞት ካምፑን የሠራው ጀርመን ነው፤ በ1941 ፍራንክ ባወጣው ትእዛዝ አይሁድን ያስጠጋ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር። በማርኮቫ መንደር ዩዜፍና ቪክቶሪያ ኡልማ ስምንት አይሁድን በመደበቃቸው በማርች 1944 ከስድስት ልጆቻቸው ጋር ተገደሉ፤ ቪክቶሪያ ነፍሰ ጡር ነበረች። የእስራኤሉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ያድ ቫሼም አይሁድን በማዳናቸው የአሕዛብ ጻድቃን ብሎ ካከበራቸው ሰዎች መካከል ፖላንዳውያን ከ7,000 በላይ ሆነው ከየትኛውም ሀገር ይበልጣሉ። እንደ ኖርዌይ ወይም እንደ ፈረንሳይ ለወራሪው ያደረ መንግሥትም በፖላንድ አልቆመም። ታዲያ ለምን የድቫብኔ ደጋግሞ ይነሣል? ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሚዛኑንም መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን የኡልማን ቤተሰብ ለጀርመኖች እንደጠቆመ የሚታመነው በወራሪው ሥር ያገለግል የነበረ ፖሊስ ነው፤ የሀገሬው ድብቅ ትግልም በዚያው ዓመት ገደለው። ጀግናውን በሙሉ ለመናገር ጠቋሚውንም መናገር ግድ ይላል። ማስጠጋት ያን ያህል አስፈሪ የሆነው ከጀርመን ትእዛዝ ጋር የጎረቤት ዓይን ስለነበረበት ነው፤ የጎረቤቱ ዓይን ከታሪኩ ሲወጣ የኡልማዎች ድፍረትም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሕጉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በውጭ ጋዜጦች ኦሽዊትዝና ትሬብሊንካ የፖላንድ የሞት ካምፖች እየተባሉ መጠራታቸው ሲያንገበግብ ኖሯል፤ በ2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ፣ የሆሎኮስትን ዜና ወደ ምዕራብ ላደረሰው ለፖላንዳዊው ያን ካርስኪ ሜዳልያ በሚሰጡበት ሥነ ሥርዓት ላይ ሳይቀር ይህንኑ አሉት። ቁጣው ፍትሐዊ ነበር። በጃንዋሪ 2018 የፖላንድ ፓርላማ ያጸደቀው ማሻሻያ ግን የናዚን ወንጀል ለፖላንድ ሕዝብ ወይም መንግሥት የሚሰጥን ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስር ያስቀጣል አለ። ከእስራኤልና ከአሜሪካ ጋር ከባድ ጠብ ተነሣ፤ በጁን መጨረሻ የእስር ቅጣቱ ተሰረዘ። ደጋፊዎቹ ሁለት ነገር ያነሣሉ፦ ሕጉ የሥነ ጥበብና የሳይንስ ሥራን አይነካም ነበር፣ ጀርመንና ፈረንሳይም የሆሎኮስት ክህደትን በሕግ ይቀጣሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ መምህሩን፣ ጋዜጠኛውን፣ የድሮ ቤቱን ታሪክ የሚያወራውን አዛውንት ግን ነፃ አላደረገም። ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ደግሞ አይገጥምም። የጀርመንና የፈረንሳይ ሕግ የተረጋገጠ ወንጀልን መካድ ይከለክላል፤ ፖላንድም ከ1998 ጀምሮ የናዚንና የኮሚኒስቶችን ወንጀል መካድ የሚያስቀጣ ሕግ አላት። የ2018ቱ የጠበቀው ሟቾቹን ሳይሆን የሀገሪቱን ስም ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለት የሆሎኮስት ተመራማሪዎች በመጽሐፋቸው ስለ አንድ ሟች የመንደር ሹም በጻፉት ተከስሰው የዋርሶ ፍርድ ቤት ይቅርታ እንዲጠይቁ አዘዘ፤ የይግባኝ ችሎቱ ከስድስት ወር በኋላ ውሳኔውን ሻረው። ዳኞቹ ጥሩ አደረጉ፤ ጉዳዩ ከመነሻውም የነሱ አልነበረም።

ይህ የአንድ ፓርቲ ችግር ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በግዳንስክ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙዚየም በ2017 እንደተከፈተ ብዙ ሳይቆይ ሙዚየሙን የመሠረተው ዳይሬክተር ፓቬው ማህትሴቪች ተነሣ፤ ወግ አጥባቂው መንግሥት ዐውደ ርእዩ የዓለምን ሕዝብ መከራ እንጂ የፖላንድን ጀግንነት አያጎላም ብሎ ነበርና። ተተኪው ፒሌትስኪን፣ ኦሽዊትዝ ውስጥ የተገደሉትን ካህን አባ ማክሲሚሊያን ኮልቤንና ኡልማዎችን የሚመለከቱ ክፍሎች ጨመረበት። መንግሥት ሲቀየር በ2024 የመጣው አዲስ አመራር እነዚያኑ ክፍሎች አነሣ፤ ሕዝብ ሲቆጣ ደግሞ መልሶ ለማስገባት ቃል ገባ። የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በሌሊት የተነቀለውን የፖቮንዝኪ መስቀል የሚያውቅ ሕዝብ ግን ስለ ፒሌትስኪ ሰሌዳ መነሣት ለምን እንደሚደነግጥ ያልገባው አመራር ታሪኩን በደንብ አላነበበም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከምሥራቅ የሚመጣው ነው። ሩሲያ በ2020 ያኔ ካሊኒን ትባል በነበረችው በትቬር ከቀድሞው የኤንካቬዴ ሕንፃ ላይ የተገደሉትን ፖላንዳውያን የሚያስታውሰውን ሰሌዳ አነሣች፤ በዚያው ዓመት ፑቲን ለጦርነቱ መነሣት ፖላንድም ተጠያቂ መሆኗን ጻፉ፤ በ2021 መጨረሻ የስታሊን ሰለባዎችን ስም ሲሰበስብ የኖረው ሜሞሪያል የተባለው ድርጅት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈረሰ። በሁለት ወሩ የሩሲያ ጦር ዩክሬን ገባ። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ያለው ሀገር ታሪኩን በሕግ ቢጠብቅ ምን ይደንቃል? ይላሉ የሕጉ ደጋፊዎች። እኔ ግን ከዚሁ ማስረጃ የምወስደው ተቃራኒውን ነው። ሩሲያም ይህን የምታደርገው በሕግ ነው፦ በ2014 ሶቪየት ኅብረት በጦርነቱ ስላደረገችው ሐሰት ማሰራጨትን ወንጀል አደረገች፤ በ2016 ፐርም የተባለችው የሩሲያ ከተማ አንድ ነዋሪ ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት በ1939 ፖላንድን አብረው ወረሩ የሚል ጽሑፍ በኢንተርኔት በማጋራቱ 200,000 ሩብል ተቀጣ። ፖላንዳውያን በዚህ ሰው ላይ የተፈረደውን ፍርድ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። ሞስኮን በካቲን ጉዳይ ያስቸገራት የዋርሶ ሕግ ሆኖ አያውቅም፤ የራሷ ፖሊትቢሮ የፈረመበት ወረቀት ነው።

ዛሬ ይህ ክርክር ከዩክሬን ጋር ቀጥሏል። ከ1943 እስከ 1945 በቮሊንና በአጎራባች ምሥራቃዊ ጋሊሲያ የዩክሬን ዐማፂ ጦር በፖላንዳውያን መንደሮች ላይ ባደረሰው ጭፍጨፋ የሞቱት እስከ 100,000 ይገመታሉ፤ በ1943 ጁላይ 11 ብቻ በርካታ መንደሮች በአንድ ቀን ተመቱ። ዋርሶ በ2022 ሚሊዮን ዩክሬናውያን ስደተኞችን በቤቷ አስገብታ እንኳ የሟቾቿ መቃብር እንዲከፈት መጠየቋን አልተወችም፤ ትክክልም ናት። ኪየቭ በ2017 የከለከለችውን ቁፋሮ ከረጅም ድርድር በኋላ ፈቅዳ፣ በኤፕሪል 2025 በቀድሞዋ የፖላንዳውያን መንደር በፑዥኒኪ ሥራው ተጀመረ። ዩክሬናውያንም በበኩላቸው በሳህሪንና በፓቭዎኮማ መንደሮች በፖላንዳውያን እጅ ያለቁ ወገኖቻቸውን ያነሣሉ፤ በፓቭዎኮማ በ2006 የሁለቱ ሀገሮች ፕሬዚዳንቶች አብረው ሐውልት መርቀዋል። በፑዥኒኪ የፖላንድ ባለሙያዎች ይዘውት የሄዱት ጥያቄ ማን ነው፣ ስንት ናቸው፣ በምን ሞቱ የሚል ነው። በ2001 በየድቫብኔ ጎተራው በነበረበት ቦታ መቆፈር ሲጀመርም የተጠየቀው ይኸው ነበር፤ ያን ጊዜ የሙታንን ዕረፍት በሚጠብቀው የአይሁድ ሥርዓት ምክንያት ሥራው በከፊል ቆመ፣ ከ340 በላይ ስንት እንደሆኑም ሳይለይ ቀረ።